እንዶድ የሚሸት ክር

የገበያ ክር እንዶድ አይሸትም። ጽጌማርያም ይህን የምታውቀው ማንም ነግሯት አይደለም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አፍንጫዋ ያልገባበት ነገር ስለሌለ ነው። በዚያ ቅዳሜ ምራቷ ፀደይ አረንጓዴውን ልቃቂት ከዘንቢሏ አውጥታ የበሩ ደፍ ላይ ስታስቀምጥላት፣ አነሳችና እንደ ዋዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ ጫፉን ሳበችው። ክሩ ቀጥ ብሎ አልመጣም፤ እንደ ተፈታ ሹሩባ ተጠማዞ መጣ።

«ከየት ገዛሽው?» አለቻት።

«ከገበያ ነዋ፣ እማማ» አለች ፀደይ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን እንደሸፈነች።

መልሱ ፈጠነ። የፈጠነ መልስ ደግሞ ለጽጌማርያም ከዝምታ የከፋ ነው።

ሲፈጥራት ተጠራጣሪ ናት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን እንደ ዳዊት የምትደግም ሴት ናት። ከላሊበላ በላይ፣ ከአሸተን ተራራ ጀርባ፣ በእግር አራት ሰዓት በሚያስኬድ ቀዬ ገብስ እየዘራች፣ በግ እያረባች ኖራለች፤ ሦስት ወልዳ አንድ ተርፎላታል። ነጋዴ እህል ሲሰፍርላት ጣሳውን ሳይሆን እጁን ነው የምታየው። ልጅ ሳለች የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ወደ ቀዬው ወጥተው ነበር። ዘማቿ ልጅ ፊደል ስታስቆጥር የጽጌማርያም ዓይን ያረፈው ሰሌዳው ላይ ሳይሆን፣ ዘማቿ በዕረፍት ሰዓት በምትሠራው ሹራብ ላይ ነበር። ፊደሉ «መ» ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ሹራብ መሥራቱ ግን እጇ ላይ ቀረ። ከተሰበረ ጃንጥላ ሁለት ሽቦ ነቅላ፣ ጫፋቸውን ድንጋይ ላይ ስላ፣ መርፌ አደረገቻቸው። ዛሬም የምትሠራው በእነዚያው ነው። ክር ሲያልቅ ሌላውን የምትቀጥልበት ቋጠሮ ግን ከዘማቿ የተማረችው አይደለም። አባቷ የቀንበር ጠፍር ሲበጠስበት ሁለቴ ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ውስጥ ይሸጉጥ ነበር፤ እሷም እንደዚያ ታደርጋለች። እንዲህ የሚቋጥር ሌላ ሰው አላየችም።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ ሳሏ ደም ይዞ መጣ። ላሊበላ ከተማ ጤና ጣቢያ ስትወርድ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን፣ መድኃኒቱ ስድስት ወር እንደሚወሰድ፣ የመጀመሪያውን ሁለት ወር ደግሞ በየጠዋቱ ባለሙያ ፊት እንደምትውጥ ነገሯት። ከቀዬዋ እየተመላለሱ የሚሆን አይደለምና ጤና ጣቢያው አጠገብ ጀውሀራ የምትባል ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተገኘችላት። ጀውሀራ ከጋሸና የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ምስር እየለቀመች የምትሸጥ፣ አፏን ማሠር የማትችል ሴት ናት።

መድኃኒቱን በጀመረች ቀን ሽንቷ እንደ ብርቱካን ቀልቶ አየች። በማግሥቱ ባለሙያውን ምን እንዳጠጣት ጠይቃ አፋጠጠችው። መድኃኒቱ እንዲህ ነው፣ አይፍሩ ብሎ ሳቀ። መሳቁን አልወደደችለትም። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ከእንግዲህ ሕመሟ ወደ ሰው እንደማይሻገር ሲነግራት ደስ አላት፤ ለፀደይም በመጣችበት ቅዳሜ አወራቻት። ፀደይ ተመስገን ብላ እዚያው ደፉ ላይ፣ ነፋሱ ውስጥ፣ እንደተቀመጠች ቀረች። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አልገባችም። ጽጌማርያም ይህን አይታ በልቧ አስቀመጠችው።

በዚያች ክፍል ቀኑ አልመሽ ይላታል። ሹራቡን የያዘችው ለዚህ ነው። ፀደይ በመጀመሪያው ቅዳሜ ያመጣችላት ክር ሦስት ቀለም ነበር። ሰማያዊው ለአራት ዓመት የልጅ ልጇ፣ ለየአብስራ፣ ሹራብ ሆነ። ቡናማው ለልጇ ለምስጋኑ ቆብ ሆነ። አረንጓዴው ደግሞ ለፀደይ ትከሻ የሚያለብስ ትልቅ ሻርፕ፣ ዳር ዳሩ በኪሮሽ የተሠራ። ሳሏ ሲመጣ ፊቷን አዙራ፣ እጇን ታጥባ ነው የጨረሰቻቸው። ሦስቱም በየተራ ወደ ቀዬው ወጡ። ሲለበሱ ግን አላየችም። ምስጋኑ እህል እየወቃ ነው ተባለ፤ ልጅቷን ማምጣት አልተፈቀደም፤ ፀደይ ሁልጊዜ የምትመጣው በዚያችው በአሮጌ ነጠላዋ ነው። ለገና የመጣው ሕዝብ ከተማውን ሞልቶት በነበረ ጊዜ እንኳ በነጠላዋ ነው የመጣችው።

ገና ሲያልፍ ክሩ አለቀ። እጇ ሥራ ሲፈታ ልቧም ዛለ፤ ሦስት ጠዋት ከአልጋዋ አልተነሳችም፣ ኪኒኑንም አልዋጠችም። በአራተኛው ጀውሀራ በሩን እየደበደበች፣ ሞት ካማረሽ ከኔ ቤት ውጪና ሙቺ እያለች፣ እጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደቻት። ያ አረንጓዴ ልቃቂት የመጣው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

ማክሰኞ ላይ በዚሁ ክር ለየአብስራ ካልሲ ጀምራ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ ሳለች ጣቷ አንድ ነገር ነካ። ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ሁለቴ የተጠመዘዘ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተሸጎጠ ቋጠሮ ነው። የአባቷ ቋጠሮ።

ነገሩ ሁሉ ገጠመላት። ምራቷ ሻርፑን ተጸይፋ፣ በእንዶድ ቀቅላ፣ ተርትራ፣ የገበያ ክር ነው ብላ መልሳላታለች። በሽተኛ የነካው ልብስ ትከሻዋ ላይ እንዳያርፍ። የልጅቷስ ሹራብ የት ገባ? የምስጋኑስ ቆብ? ቅዳሜ ደግሞ ሰማያዊ ክር ይዛ ትመጣ ይሆናል።

በአስተርዮ ማርያም ሰሞን ሁለቱ ወር ይሞላል። አክታዋ ንጹሕ ከሆነ የቀረውን መድኃኒት ቀዬዋ ካለው ጤና ኬላ እየወሰደች ቤቷ እንደምትገባ ተነግሯት፣ ቀኑን በጣቷ ስትቆጥር ነበር የከረመችው። አሁን መቁጠሩን ተወችው። ኩባያዋ ለብቻ በሚቀመጥበት ቤት ምን አላት? ልጅቷ ከአያትሽ ራቂ በምትባልበት ቤት? ጀውሀራን ክፍሉን እስከ ፋሲካ ታቆይልኛለሽ ወይ አለቻት። ጀውሀራ ከሰፌዷ ቀና ብላ፣ ምን ሆንሽ ብላ ጠየቀቻት። ምንም አለች። ለማን ብዬ ነው የምድነው የሚለውን ግን ለራሷ አስቀረችው።

ቅዳሜ ፀደይ መጥታ እንደ ልማዷ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ጽጌማርያም ሰላምታውን አሳጥራ እጅሽን ዘርጊ አለቻት፤ ቆርጣ ያስቀመጠችውን ቋጠሮ መዳፏ ላይ ጣለችላት።

«ይህንም ገበያ ላይ ነው የቋጠሩልሽ?»

ፀደይ አየችው። በጣቷ አገላበጠችው።

«ያንቱ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ሻርፑን ተረተርሽው።»

«ተረተርሁት።»

«በእንዶድ ቀቅለሽ።»

«የቀቀልሁትስ ልለብሰው ብዬ ነው። ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ለብሼዋለሁ። ወደዚህ ለብሼው ያልመጣሁ እንዶዱን ያሸቱብኛል ብዬ ነው።»

ከዚያ አንገቷን ደፍታ የቀረውን አወራቻት። ጽጌማርያም ክር ያለቀባት ጊዜ ሦስት ጠዋት መድኃኒቷን እንዳልዋጠች ሰምታለች። ክር ፍለጋ ገበያውን ዞራ ዞራ አጥታለች፤ ከጋሸና ወዲህ መኪና ስለጠፋ ነጋዴው ባዶ ነው። ፍላቂት ለሚሄድ ሰው ብትልክም ባዶ እጁን ተመለሰ። የልጅቷን ሹራብ እንዳትተረትረው ልጅቷ ስትተኛም አታወልቀውም። ምስጋኑ በቆቡ ነው የሚወቃ። የሚተረተር የተገኘው የሷው ሻርፕ ብቻ ነው።

«ሦስት ቀን መቅረቴን ማን ነገረሽ?» አለች ጽጌማርያም።

ፀደይ ወደ ግቢው ጨረፍ አድርጋ አየች። ግቢው ውስጥ ጀውሀራ ምስሯ ላይ ይበልጥ አቀረቀረች፤ ተለቅሞ ያለቀ ሰፌድ ነበር የምትለቅም።

«አንቺ ነሽ» አለቻት ጽጌማርያም።

«እኔ ምስሬን ነው የምለቅም» አለች ጀውሀራ።

ጽጌማርያም ወደ ምራቷ ተመለሰች። ከኅዳር ጀምሮ በጥርሷ ነክሳ የያዘችው አንድ ጥያቄ ቀርቷታል።

«ትፈሪኛለሽ?»

ፀደይ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች።

«እፈራለሁ፣ እማማ። አይሻገርም ብለውኛል፣ ሰምቻለሁ። ግን ልጅ አለችኝ፣ እፈራለሁ። ብፈራም ቤቱ ያንቱ ነው፤ መደብዎን ለቅልቄ ጨርሻለሁ።»

እዚህ ላይ መቆጣት ነበረባት። ሰው ሁሉ ሲዋሸኝ ኖሯል ብላ የምታምን ሴት ግን፣ ፍርሃቱን ሳይደብቅ የሚነግራት ሰው ደጇ ላይ ተቀምጦ ስታገኝ ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። ለመንገድሽ ብላ ቆሎ ቋጠረችላት፤ ፀደይም እዚያው ደፉ ላይ ሆና ቆረጠመችው።

ማታውን ካልሲውን ተረተረች። ክሩን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ጠቅልላ ከግድግዳው ችካል ላይ ሰቀለችው፤ ከታች ድንጋይ አንጠለጠለችበት። ጠዋት ጥምዝምዙ ለቆ ቀጥ ብሎ ነበር። ሻርፑን እንደገና ጀመረች፤ በየጠዋቱ ኪኒኗን ውጣ እየተመለሰች ሳምንቱን ሙሉ ሠራችው። ቅዳሜ ለፀደይ ስትሰጣት እንዳሻሽ አድርጊው ብቻ አለቻት። የጀውሀራን ክፍል ግን እለቃለሁ አላለችም።

አስተርዮ ማርያም አለፈች። አክታው ንጹሕ ሆነ። በተከታዩ ቅዳሜ ፀደይ በቅሎ እየሳበች መጣች፤ አረንጓዴው ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ ነጠላዋም አፍንጫዋ ላይ አልነበረም። ደፉ ላይ ሳትቀመጥ ቆማ ጠበቀች።

ጽጌማርያም ወጥታ ትከሻዋን ሳመቻት። ሰው ከሚስመው በላይ ቆየች። ሻርፑ ጭስ ሸተታት። ቅቤ ሸተታት፣ የልጅ ፀጉርም። እንዶድ የለውም።

«ሳታጥቢው?» አለቻት።

«ጊዜ መች አለኝ» አለች ፀደይ።

ጀውሀራ ከጓሮ ብቅ ብላ ክፍሉን እስከ ፋሲካ ላቆየው ወይ ብላ ጠየቀች። ጽጌማርያም ሁለቱን ሽቦዎች በጨርቅ ጠቅልላ ጉያዋ ሸጎጠች። ከዚያ በቅሎዋ የማን እንደሆነች ጠየቀች፤ እግሯን አንድ በአንድ አየች፤ ኮርቻውን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። የኮርቻውን ጠፍር እንደገና አስጠበቀችና ኮርቻው ላይ ተቀመጠች።