በረኛ የሌለው ጨዋታ

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ብርቱካን እየቆረጠ ነበር። አሥራ ሁለት ብርቱካን፣ እያንዳንዱ አራት ቦታ። የአውስትራሊያ ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች በእረፍት ሰዓት ብርቱካን ካልመጠጡ አይሆንላቸውም፤ ልማዳቸው ነው። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ የቢላዋውን ድምፅ እሰማለሁ።

"ተነሳ እንጂ አቦ!" አለኝ። "ዳኛ ተኝቶ ጨዋታ ይጀመራል?"

"ዳኛ አይደለሁም። ባንዲራ ያዥ ነኝ።"

"እሱም ሹመት ነው። ተነሳ።"

አንዷን ቁራጭ መጠጠና ፊቱን አጨማደደ። "ይሄ ብርቱካን ነው? የኤረር ብርቱካን ቢያየው ያፍርበታል።" ይህን በየቅዳሜው ይላል። በየቅዳሜውም ይበላዋል።

ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ወንድሜን ታምራትን የምታውቁት፣ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቁኝ በስልክ መናገር አቃተኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ስጽፍም ይቆራረጥብኛል፤ ታገሡኝ። እንደኔ እዚህ ያላችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ እናንተ የስልኩን ነገር ታውቁታላችሁ።

ታምራት በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነው የምለው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን በረኛ ነበር። እኔ ሲጫወት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ሰው ትከሻ ላይ ሆኜ። ሰባት ዓመቴ ሳለ ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈልጉት በጭነት ባቡር ተደብቆ ጅቡቲ ገባ። የሄደ ለታ እማዬ የግቢውን በር ሳትዘጋ አደረች። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ቆይቶ ካናዳ ተቀበለችው። በሄደ በስምንት ዓመቱ እኔን አስመጣኝ። የድሬው ለገሃር ላይ እማዬ በባቡሩ መስኮት እጄን ይዛ "ታላቅህን ጠብቅልኝ" አለችኝ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ቶሮንቶ የደረስኩት በየካቲት ነው። ጋሼ አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ ካፖርቱን አውልቆ አለበሰኝና "የድሬን ፀሐይ እርሳት፤ የዚህ አገር ፀሐይ የምትወጣው ለፎቶ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ታበራለች፣ ግን አታሞቅም።

የምንኖረው ፍሌሚንግደን ፓርክ ነው፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ኳስ ይለማመድ ነበር። የአውስትራሊያ ኳስ ደግሞ ሞላላ ናት፤ መሬት ከነካች ወዴት እንደምትነጥር ፈጣሪ ብቻ ያውቃል። አንድ ቀን የሕንፃውን ኃላፊ፣ ሱፐሩን፣ እግሩን መታችው።

"የኪራይ ውላችሁ ላይ ኮሪደር ውስጥ ኳስ ክልክል ነው ይላል" አለ ሱፐሩ።

"ኳስ ክብ ናት" አለው ጋሼ። "ይህቺ ክብ ናት?"

ሱፐሩ አነሳት፤ አገላብጦ አያት። "ይህቺስ ታማለች። ሐኪም ቤት ውሰዳት" ብሎ ሰጠውና ሄደ።

ወደዚህ ጨዋታ ያስገባው ኮሊን ነው። ኮሊን አውስትራሊያዊ ነው፤ ካናዳዊት ነርስ አግብቶ እዚህ ቀረ። ኢቶቢኮ ውስጥ ጋሼ የሚሠራበት መጋዘን ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። አንድ ቀን ከላይኛው መደርደሪያ ሳጥን ሲወድቅ ጋሼ ዘሎ አየር ላይ ቀለበው። ኮሊን ፎርክሊፍቱን አቆመና "ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?" አለው።

ቅዳሜ ሄደ። ሜዳው ላይ በየጫፉ አራት አራት ቋሚ ተተክሏል። መረብ የለም፤ አግዳሚም የለም።

"በረኛው የት ነው የሚቆመው?" ብሎ ጠየቀ።

"በረኛ የለንም።"

"ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?"

ግን ተጫወተ። ከሰው ሁሉ በላይ ዘሎ ኳሷን በሁለት እጁ ያዛት፤ አጨበጨቡለት። ከዚያ እንደ በረኛ አርቆ ወረወራት። ፊሽካ ተነፋ። በዚያ ጨዋታ ኳስ በቡጢ ይመታል ወይም በእግር ይለጋል እንጂ አይወረወርም። በዚያን ቀን ሦስት ጊዜ ወረወረ፤ ሦስት ጊዜ ተነፋበት። "ጭንቅላቴ ገብቶት ነበር፣ እጄ ነው እምቢ ያለው" ይለኝ ነበር።

አራት ክረምት ተጫወተ። ጉልበቱ ሲበላሽ የአሠልጣኙን መልእክት ለተጫዋች እያደረሰ ሜዳ ለሜዳ የሚሮጥ ሆነ። ከዚያ ምክትል፣ ከዚያ አሠልጣኝ። ከእሱ በፊት አሠልጣኙ ኮሊን ነበር። ፊሽካውን አስረከበውና በማግሥቱ የውሃ ጠርሙስ ተሸክሞ መጣ። እኔ አፈርኩለት። በእኛ ዘንድ ከሹመት የወረደ ሰው ቤቱን ዘግቶ ይከርማል። እዚያ ግን ማንም አልሳቀበትም። የክለቡ መንገድ እንዲህ ነው፤ ኮከብ ሆነህ ትገባለህ፣ ውሃ አዳይ ሆነህ ትጨርሳለህ። ጋሼ "እኔም ጊዜዬ ሲደርስ ጠርሙሱን እወስዳለሁ" ይል ነበር።

እኔን ደግሞ በቋሚዎቹ መሃል አቆመኝ። የሐኪም የሚመስል ነጭ ካፖርት ለብሼ፣ ጎል ሲገባ ሁለት ነጭ ባንዲራ አውለበልባለሁ። "በዚህ ቤተሰብ አንድ ሰው ጎል ላይ መቆም አለበት" አለኝ።

እሁድ እሁድ ለእማዬ እንደውላለን። እዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ድሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። እማዬ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ቤት ሄዳ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። የጋሼን ፎቶ ልከንላት ነበር፤ የክለቡን እጅጌ የሌለው ማልያ ለብሶ። "በዚያ ብርድ እጅጌውን ማን ወሰደበት?" አለች። አሁንም በረኛ ይመስላታል። ሰላምታው ሲያልቅ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት።

"ስንት ገባብህ?"

"ምንም አልገባብኝም፣ እማዬ።"

"ተመስገን!"

ለምን ትዋሻለህ ብዬው ነበር። "ውሸቱ የቱ ጋ ነው? በረኛ በሌለበት ማን ላይ ይገባል? ደሞ ሰማንያ ሰባት ለስድሳ አንድ አለቀ ብላት ትወድቅብኛለች" አለኝ።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ።

አሸነፉ። ሰዉ ወደ መኪናው ሲሄድ ጋሼ ኳስ ይሰበስባል፤ አሠልጣኝ ሆኖም ይህን ለሌላ አይተውም። "ስምንት ነበሩ፣ ሰባት ናቸው" እያለ ወደ እኔ መጣ። ስምንተኛዋ ከቋሚው ጀርባ ሣር ውስጥ ነበረች። እኔ አይቻታለሁ። ባንዲራ እየጠቀለልኩ ስለነበር ራሱ ያንሳት ብዬ ዝም አልኩ። ጎንበስ አለ። አልተነሳም። የሚቀልድ መስሎኝ "ያዝካት ወይስ አመለጠችህ?" አልኩት።

ኮሊን ከነጠርሙሱ ሮጦ መጣ። አምቡላንስ መጣ። ሆስፒታል አንዲት ሐኪም ልቡ ነው አለችን። "ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው እኮ" አልኳት፣ የተሳሳተች ይመስል።

ከዚያ ጸሐፊዋ ጠራችኝ።

"ለሟች ምኑ ነህ?"

"ወንድሙ።"

"ከአንተ ሌላ ትልቅ ሰው የለም?"

"ትልቁ እሱ ነበር።"

ብዕሯን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

ዞር ስል ኮሊን ግድግዳው ላይ ባለው የሳንቲም ስልክ ቁጥር እየመታ ነው። በሌላ እጁ የክለቡን መመዝገቢያ ወረቀት ይዟል። ጋሼ "የቅርብ ዘመድ" በሚለው ቦታ የእማዬን ስምና የእትዬ አልማዝን ስልክ ጽፎበታል። ሮጬ የስልኩን ማንጠልጠያ ወደ ታች ተጫንኩት።

"ማይት፣ ወዳጄ፣ ግዴታዬ ነው" አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። "የኔ ልጅ ቢሆን ባለቤቴ በዚያችው ሰዓት መስማት ትፈልጋለች።"

"በስልክ አይነገርም።"

"ታዲያ በምን?"

እንግሊዝኛዬ ጠፋኝ። "ሰዎች ይሄዳሉ። ሽማግሌዎች። ብዙ ሆነው። ማለዳ።"

"ለምን ማለዳ?"

አስቤው አላውቅም ነበር። "ቀኑን ሙሉ ሰው ከብቧት እንድታለቅስ። ሲመሽ ብቻዋን እንዳትሆን።"

ኮሊን መስሚያውን ሰቀለ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሴ ከተተልኝና ትከሻዬን ይዞ ቆመ።

በዚያ ምሽት የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ቤቱን ሞሉት። ጋሽ መኮንን፣ ታክሲ የሚነዱት የድሬ ሰው፣ እሁድ ማለዳ ማንም ሳያዝዛቸው የስልኩን ጉዳይ ያዙ።

"አጎትህን ሐረር አግኝቼዋለሁ" አሉኝ። "ሽማግሌ ይዞ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይደርሳል። ያን ጊዜ ትረዳለች።"

"ዛሬስ ለምን አይነግሯትም፣ ጋሽ መኮንን?"

"ሽማግሌዎቹ ድሬ እስኪደርሱ ይመሻል፣ ልጄ። መርዶ በምሽት አይገባም።" ሰዓታቸውን አዩ። "አሁን አንተ ትደውልላታለህ።"

"እኔ? አልችልም። እባክዎ፣ እርስዎ ይደውሉልኝ።"

"የኔን ድምፅ ብትሰማ ምን ትላለች? ካልደወላችሁ ደግሞ የእናት ሆድ ነው፣ ትጠረጥራለች። ዛሬን ደህና ትደር። እህል ትቅመስ፣ ትተኛ። ለነገ ጉልበት ያስፈልጋታል።"

የሚያለቅሱት ሴቶች ወደ ጓዳ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። ፍሪጁ ውስጥ የተረፈ ብርቱካን ነበር፤ አንድ ቁራጭ መጠጥኩ። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠራ።

"ታምራት?"

"እኔ ነኝ፣ እማዬ።"

"ውይ ልጄ! እሱስ?"

"ሥራ ገብቷል። ሺፍት ቀየሩበት።"

"በእሁድ? እነዚህ ሰዎች ሰንበት የላቸውም? ቁርስ በልቷል?"

"ብርቱካን በልቷል።"

"ብርቱካን ቁርስ ነው? ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነው።"

"በል ትኩስ ነገር ጠጣ። እዚህማ ሙቀቱ ፈጀን።" እትዬ አልማዝ አጠገቧ ሲስቁ ይሰማኛል። "ትናንትስ? ተጫወቱ?"

"ተጫወቱ። አሸነፉ።"

"ስንት ገባበት?"

ጋሽ መኮንን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ምንም አልገባበትም፣ እማዬ።"

"ተመስገን!" አለች። ከዚያ አፏን ከስልኩ አርቃ ለእትዬ አልማዝ ስትነግራቸው ሰማኋት፤ "ምንም አልገባበትም!" ተመልሳ መጣች። "በል፣ ከሥራ ሲወጣ እናትህ ኮራችብህ በልልኝ።"

"እሺ" አልኳት። "እነግረዋለሁ።"