አርባ ላይ የቆመው ቆጠራ

ወንድሜ ሳይታመም በፊት ላሊበላ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቱ መምህር፣ ለየኔታ፣ ሊያግዛቸው ቃል ገብቶላቸው ነበር። ተማሪዎቻቸው የግእዙን ጸሎት በቃላቸው ይወጡታል፤ ትርጉሙን ግን አያውቁም። የኔታ አዘውትሮ ከሚመጣው ቃል ጀምረው ትርጉም ሊያስተምሯቸው ፈለጉ። ወንድሜም የትኛው ቃል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ በኮምፒውተር ሊያስቆጥር ጸሎቶቹን ሲተይብ ከረመ።

የቆጠራውን ፕሮግራም ፐርል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈው። ፐርል ሃሽ የሚባል ነገር አለው፤ እያንዳንዱ ቃል በስሙ ይቀመጥና በተገኘ ቁጥር አንድ ይጨመርለታል። ወንድሜ ተከታትለው የሚመጡትን ሁለትና ሦስት ቃላት ጭምር ስለሚያስቆጥር አሮጌው ኮምፒውተር አልቻለውም። ሳይጨርስ መብራት ይጠፋል። እንደገና ከመጀመሪያው።

ከዚያ ታመመ። አልጋው ላይ ሆኖ የቆጠራውን ክፍል ሲ በሚባል ሌላ የኮምፒውተር ቋንቋ ወረቀት ላይ ጻፈው። ሲ ፈጣን ነው። እዚያው ፐርሉ ውስጥ እንዳስገባው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ላከኝ። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ፕሮግራም መጻፍም ትንሽ ትንሽ አሳይቶኛል።

«መጀመሪያ ፈትነው» አለኝ። «ኪርያላይሶን አርባ አንድ ጊዜ ጻፍና አስቆጥረው።»

አርባ አንዱ ኪርያላይሶን፣ «አቤቱ ማረን» ማለት፣ በሰሙነ ሕማማት ቁጥሩን በመቁጠሪያ እየያዝን የምንሰግድበት ነው።

ሄጄ ሞከርኩት። ወዲያው ጨረሰ። ግን አርባ አለ። ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ጎድሏል።»

«አንተ ነሃ ያጎደልካት! ድሮም ስግደት ትሰርቃለህ።»

«በመቁጠሪያ ነው የጻፍኩት!»

እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎኝ አየው።

«ፕሮግራሙ ቃል አለቀ የሚለው ክፍት ቦታ ሲያይ ነው» አለ። «ከመጨረሻዋ ኪርያላይሶን ኋላ ክፍት ቦታ የለም። እንደያዛት ቆመ።»

«ታዲያ ሲጨርስ የያዛትን ይቁጠራታ!»

አየኝ። «በል አንተው ጻፈው።»

ጻፍኩት። አርባ አንድ አለ። በማግስቱ ጸሎቶቹን በሙሉ ሰጠሁት። መብራት ሳይጠፋ ጨረሰ፤ ለማተምም ደረስኩ።

የኔታ ወረቀቱን ይዘው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ቃሉን እያነበቡ፣ ትርጉሙን እየነገሩት ወረዱ። ወንድሜ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«ልክ ነው፣ የኔታ?»

«ልክ ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ ብዙ አልቆየም።

ዛሬ ተማሪዎቹ ትርጉም የሚጀምሩት ከዚያ ወረቀት ነው። በደጃቸው ሳልፍ ድምፃቸው ይሰማኛል። ማን አስቆጠረው ላለኝ፣ ወንድሜ ነው እላለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝም እላለሁ።