ያልተቀመጠው ስኒ

ዮርዳኖስ ባለችው በከረክ ከተማ ቡሚል ቁጭ ብሎ ያየው ሰው የለም ይባላል። ውሸት ነው፤ ፀጉሩን ሲቆረጥ ይቀመጣል። ከዚያ ውጪ ግን የሰውየው እግር አንድ ቦታ አይረጋም። ቡናውን አውቶቡስ ተራ ቆሞ ይጠጣል፣ ዳቦውን እየሄደ ይበላል፣ ሰላም ሲሉት የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ነው የሚመልሰው። ሙሉ ስሙ ቦሁሚል ነው፤ አገሬው መሃሉን ውጦ ቡሚል ይለዋል። አገሩ ቼክ፣ ከተማው ኦስትራቫ፣ ሥራው የገበሬዎችን የውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። ዮርዳኖስ ከመምጣቱ በፊት ብዙ አገር ኖሯል፤ ከአንዱም ተሰናብቶ አልወጣም። እዚህ ስድስት ዓመት ሞላው። ቤቱ ውስጥ ቁም ሳጥን አለ፤ ባዶ ነው። ልብሱ የሚኖረው አልጋው ሥር ካለው ሻንጣ ውስጥ ነው።

ከዚህ አገር ነገር ሁሉ የከበደው ሙቀቱ አይደለም፣ ቋንቋውም አይደለም። መቀመጡ ነው። ፓምፕ ተበላሸብን ብለው በጥድፊያ ይጠሩታል፤ ሲደርስ ፍራሽ ላይ ያስቀምጡታል። ስለ ጤናው ይጠይቁታል፣ ስለ እህቱ ጤና ይጠይቁታል፣ ከዚያ እንደገና ስለ ራሱ ጤና ይጠይቁታል፤ ስለ እህቱ ሲያወራ የታመመ ይመስል። የፓምፑ ነገር የሚነሳው ቡናው ደጋግሞ ከተቀዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ከአገሩ ልማድ ሁሉ አስቀድሞ የተማረው፣ "በቃኝ" ለማለት ባዶውን ስኒ ግራና ቀኝ ነቅነቅ ማድረግን ነው። ሰላምታውን እንኳ የተማረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አደጋው የደረሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ቡሚል ከሸለቆው ሥራ ጨርሶ ፒካፑን እያበረረ ወደ ከተማ ይመለሳል። የሚጠብቀው ሰው አልነበረም፣ የተጣደ ድስት አልነበረም፤ ግን ይበራል። ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ገባች። ሐጂ ፈላሕ የሚባሉ ሽማግሌ ደግሞ ዳቦ በላስቲክ አንጠልጥለው መንገድ እየተሻገሩ ነበር። ፍሬኑን ሲረግጥ ዘግይቷል። ሽማግሌው አስፋልቱ ላይ ተዘርረው መጀመሪያ የጠየቁት ዳቦው የት እንደወደቀ ነው።

እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰበረ። ፖሊስ መጣ፣ ጻፈ፣ ለቀቀው። ለሐኪም ቤቱ ኢንሹራንስ ከፈለ። በቡሚል አገር ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ገጪና ተገጪ ዳግመኛ አይተያዩም። ከረክ ውስጥ ግን ፖሊስ የዘጋው ጉዳይ ገና አልተጀመረም።

አከራዩ አቡ ኸለፍ ጎማ ሻጭ ነው፤ ሆዱም የሚሸጠውን ያክላል። በማግሥቱ ጠዋት መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"እዚህ አገር ዘመድ አለህ?"

"ኦስትራቫ እህት አለችኝ።"

"እህትህ ሽማግሌ ሆና ትመጣለች? በቃ፣ ዘመዶችህ እኛ ነን። የሐጂ ቤተሰቦች እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጥተውናል። እስከዚያ በእነሱ ሰፈር እንዳታልፍ፣ ገበያም አትውጣ። ልጃቸው ነዋፍ ደሙ ፈልቷል።"

"አሁን ልሂድና ይቅርታ ልበላቸው። አምስት ደቂቃ ነው።"

"አምስት ደቂቃ! የሰው አባት እግር ሰብረህ አምስት ደቂቃ! ሰውዬ፣ ዓርብ ሰው ይዘን እንሄዳለን። ቡና ይቀዱልናል፤ ሳንጠጣ መሬት እናስቀምጣለን፤ እንለምናለን። ከማሩህ ይጠጣል።"

"ካልማሩኝስ?"

አቡ ኸለፍ ሆዱን አከክ አከክ አደረገ። "ያን ጊዜማ ይሄ አገር አይመችህም።"

ቡሚል መጠበቅ አያውቅበትም። ከግቢው በር እስከ ወይራው ዛፍ፣ ከወይራው ዛፍ እስከ በሩ ይመላለስ ጀመር። የአቡ ኸለፍን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈታ፤ ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። "ግቢዬን እኮ አረስከው፣ ስንዴ ልዝራበት?" አለው አቡ ኸለፍ። ሚስቱ ኡም ኸለፍ ደግሞ፣ "ተወው፣ ዓርብ እስኪደርስ ቤቱን ፈትቶ ይጨርስልሃል" አለች። ይስቁበታል፤ እሱ ግን ፈርቷል። የፈራው የነዋፍን ቡጢ አልነበረም። እዚያ ቁጭ ብሎ በሰበረው ሰው ዓይን መታየትን ነበር የፈራው። ዕድሜውን ሙሉ ነገር ሲከብደው ያደረገው አንድ ነው፤ ይሄዳል።

ሐሙስ ገና ሲነጋ ሻንጣውን ጎትቶ አወጣ። ከአደጋው ወዲህ መሪ አልጨበጠም፤ ወደ ዋና ከተማው ወደ አማን የሚሄደው አውቶቡስ የሚነሳው ደግሞ በማለዳ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ኡም ኸለፍ መጥረጊያ ይዛ ደጁን ትጠርጋለች። ሻንጣውን አየች። ፊቱን አየች። መጥረጊያዋን አስደገፈች።

"ጎሽ፣ ራስህ አመጣኸው! ልለምንህ ነበር።"

"ምኑን?"

"የነገውን ልብስ ነዋ! ሸሚዞችህ ሻንጣ ውስጥ ታጥፈው ታጥፈው የአሮጊት ፊት መስለዋል። እነሱን ለብሰህ ሰው ፊት ልታዋርደን ነው? አምጣ ወዲህ።"

"ኡም ኸለፍ፣ እኔ..."

"አምጣ አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ።" ከእጁ ነጠቀችው።

ፀሐይ ከፍ ስትል ያለው ልብስ ሁሉ ገመድ ላይ ነበር። የክረምት ካፖርቱ ሳይቀር ታጥቧል። ሻንጣው ራሱ በሳሙና ተፈትጎ አፉን ከፍቶ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። በእርጥብ ሻንጣ የሚሸሽ ሰው የለም። ኡም ኸለፍ ለባሏ ትንፍሽ አላለችም። ቡሚል ግቢው ውስጥ ቆሞ ሻንጣውን አየው፤ አፈረ፣ ደግሞም ቀለለው።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ደጁ ላይ መኪናዎች ተደረደሩ። ቡሚል የጠበቀው አቡ ኸለፍንና አንድ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ከቡሚል ጋር በሥጋው አጥንት መብዛት ተጨቃጭቆ ያኮረፈው ሥጋ ሻጭ መጥቷል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ከራባት አስሮ መጥቷል። ፓምፕ የጠገነላቸው ገበሬዎች ከሸለቆው ወጥተዋል። የሁሉም ጢም ተስተካክሏል፣ የሁሉም ልብስ ተተኩሷል። መሪያቸው ሼክ ጀድዋን ናቸው፤ በከተማው ያላስታረቁት ሰው የለም። ቡሚል ፊቱን እንዳያዩበት መኪናው ውስጥ ቀድሞ ገባ።

"ስኒውን መሬት ታስቀምጣለህ" አለው አቡ ኸለፍ መንገድ ላይ። "አትነካትም። ሐጂ 'ጠጡ' እስኪሉ።"

"ብረሳስ?"

"ሰው አፉን ይረሳል? ሁለት እጅህን ጭንህ ላይ አድርግና ድንጋይ ሁን።"

በሐጂ ፈላሕ ግቢ ድንኳን ተጥሏል። መጪዎቹ በአንድ ወገን፣ ባለቤቶቹ በሌላው ተቀመጡ። ሐጂ ፈላሕ በጄሶ የታሰረ እግራቸውን ትራስ ላይ ዘርግተዋል። ቡሚል ከዚያ ምሽት ወዲህ አላያቸውም፤ ሰውነታቸው ያነሰ መሰለው። ዓይናቸውን ግን ከእሱ ላይ አልነቀሉትም።

ነዋፍ የናሱን ጀበና ይዞ ቀረበ። ለሼክ ጀድዋን ቀዳ፤ ሼኩ ተቀብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። ቀጥሎ ባለጉዳዩ ነውና ለቡሚል ቀዳለት፤ ሲሰጠው ፊቱን አዙሮ ነው። ሼኩ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ እሳቸው ሲጀምሩ ከአዳም ነው። ቡሚል ስኒውን ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። ልክ ያን ጊዜ ሐጂ ፈላሕ እግራቸውን ሊያመቻቹ ተነቃንቀው "እህ" ብለው አቃሰቱ። ትንሽ ድምፅ ናት። ቡሚልን ግን አስፋልቱ ላይ መለሰችው። እጁ ቡና በተቀዳለት ቁጥር የለመደውን አደረገ። ስኒውን አንስቶ ጭልጥ አደረገው። ይሄ ሳያንስ ባዶውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጎ ለነዋፍ ዘረጋለት።

ሼኩ ኖህ ላይ ደርሰው ነበር፤ እዚያው ቀሩ።

"ጠጣ!" አለ ነዋፍ። "ያባቴን እግር ሰብሮ፣ ቡናችንን ጠጥቶ፣ በቃኝ አለ! የሚጠይቀው ከሌለ ምን ሊሠራ መጣ?"

"ጉድ ፈላ" አለ ሥጋ ሻጩ። አቡ ኸለፍ በሻርፑ ፊቱን ሸፈነ። በባለቤቶቹ በኩል ሁለት ሦስት ወጣቶች ተነሱ። ቡሚል የሠራው ገባው፤ ከተነሱት ጋር ራሱም ተነሳ። የድንኳኑ በር ክፍት ነበር፤ እግሩ መንገዱን ያውቀዋል።

"ተቀመጥ" አሉ ሐጂ ፈላሕ።

አልጮሁም። ቡሚል ተቀመጠ።

"ቡናው እንዴት ነው?"

"ጥሩ ነው፣ ሐጂ።" ቀጥሎ የተናገረውን ለምን እንዳለው አያውቅም፣ ብቻ ወጣ፤ "ሄል በዝቶበታል።"

የሐጂ ትከሻ ይርገፈገፍ ጀመር። ቡሚል የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ። እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እየሳቁ ነበር። "ወይ እግሬ! ሰማችሁ? እኔ ስናገር ሽማግሌው ምላሱ ሞቷል ትላላችሁ! ነዋፍ፣ ልጄ፣ ስኒውን መሬት የሚያስቀምጥ ማነው?"

"ጥያቄ ያለው እንግዳ ነው፣ አባቴ።"

"ጠጥቶ ሄል በዛ የሚለውስ?"

ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ የሐጂ ሚስት መለሱ። "የቤት ሰው ነው! የቤት ሰው ካልሆነማ የእኔን ቡና ስም ያጠፋችውን ምላስ እቆርጣታለሁ!"

ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ነዋፍ አልሳቀም፤ ጀበናውን ግን መሬት አስቀመጠና ከአባቱ ጎን ተቀመጠ።

"እንግዲህ ከቤት ሰው ጋር ሽማግሌ ምን ያደርጋል" አሉ ሐጂ። "ዝም ብዬ ግን አልለቅህም፣ ቡሚል። ልጆቼ ሥራ ሲውሉ እኔ ጣሪያ ሳይ ነው የምውለው። አንተ ደግሞ አንድ እግርህ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው አሉ። የእኔ እግር እስኪሄድ ያንተም አይሄድም። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣህ አጠገቤ ትቀመጣለህ። ምንም አትጠግን። ትቀመጣለህ።"

መቀጫ በገንዘብ ቢሆን በወደደ። "ስንት ደቂቃ?" ብሎ ጠየቀ፤ አቡ ኸለፍ ከሻርፑ ሥር በክርኑ ጎሰመው።

"እኔስ?" አሉ ሼክ ጀድዋን ቅር ብሏቸው። "ኖህን መርከብ ላይ ጥዬዋለሁ።"

"ይጠጡ፣ ሼክ። ቢቀዘቅዝም ሄሉ አይጠፋም" አሉ ሐጂ።

በማግሥቱ ከሰዓት ቡሚል የፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ይርገበገባል። ሐጂ ስለ ጤናው ጠየቁት፤ ደህና ነኝ አለ። ስለ እህቱ ጠየቁት፤ ደህና ናት አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ እንደገና፣ "አንተስ እንዴት ነህ?" አሉት። አፉን ከፈተ፤ ያችኑ "ደህና" ሊላት ነበር፤ እምቢ አለችው።

"ፈርቼ ነበር፣ ሐጂ። ሐሙስ ልሸሽ ነበር።"

"አውቃለሁ። ሻንጣህ አጥር ላይ ተሰቅሎ ከተማው ሁሉ አይቶታል።"

ቡሚል ያ ሁለተኛው ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ ያን ጊዜ ገባው። ስድስት ዓመት ሙሉ በመጀመሪያው መልስ ሲያልፈው ኖሯል፤ አዘነ። ሐጂ ሌላ አልጠየቁትም። ቀስ በቀስ ዓይናቸው ተከደነ፣ ትንፋሻቸው ከበደ። ዝንብ ጄሶው ላይ አርፋ ተነሳች። ቡሚል ጥቂት ጠበቀና እንዳይሰማ አድርጎ ተነስቶ በሩ ጋ ካወለቀው ጫማ ደረሰ።

"ወዴት?" አሉ ሐጂ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ቡሚል ዞሮ አያቸው። የሚጠብቀው ፓምፕ አልነበረም፣ የሚይዘው አውቶቡስ አልነበረም።

"የትም" አለና ተመልሶ ተቀመጠ።