የስሞታ ጾም

ስሞታዬ ዕድሜዬን እንደሚያሳጥረው ልጄ ስልኳ ላይ አነበበችና ስልጠና አስመዘገበችኝ። ስሞተኛ መሆኔን አልክድም። ከቡታጅራ በኩል መጥቼ ሮቤ ከቀረሁ ጀምሮ በጭነት መኪና የሳነቴን ተራራ አቋርጬ አንገቱ ከተማ ስወርድ፣ ቡና ጭኜ ስመለስ ኖሬያለሁ። ያ መንገድ ጉልበቴንም ወገቤንም በልቶታል። ስለዚህ ስለ ጉልበቴ እናገራለሁ። ስለ ሮቤ ንፋስ እናገራለሁ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ባጃጅ ጥሩምባ፣ ቴሌቪዥን ላይ ምንም ሳይኖር ስለሚስቁ ሰዎችም እናገራለሁ። ልጄ "አባ፣ ኔጋቲቭ ነህ" ትለኛለች። በእኔ ዘመን ኔጋቲቭ የሚባለው የባትሪ ገመድ ነበር።

ስልጠናው "አዎንታዊ አስተሳሰብ ለጤናማ እርጅና" ይባላል። ጤናማ ከሆነማ ምኑን እርጅና ሆነ ብዬ ተከራከርኩ፤ የሚሰማኝ አጣሁ። ብቻዬን ከምቃጠል ብዬ ሐጂን ይዤ ሄድኩ።

ሐጂ ጎረቤቴ ነው። የሲናና ስንዴ ገበሬ ነበር። መሬቱን ለልጆቹ ለቆ ከቤቴ አጠገብ የእህል ሱቅ ከፈተ፤ መካም ደርሶ መጣ። መኪና ካቆምኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሱቁ በረንዳ ላይ ሻይ እንጠጣለን። እሱ እስከ ዛሬ "ሾፌር" እያለ ይጠራኛል። እኔ አማርራለሁ፣ እሱ ያመሰግናል። አንድ ዓመት ስንዴውን ዋግ ሲመታው "አልሐምዱሊላህ፣ ገለባው ተርፏል" አለ። ንፋስ የሱቁን ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲወስድ "አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ላይ አልወደቀም" አለ። የወደቀው የእኔ አጥር ላይ ነበር።

አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የሾለ ወጣት ነው። አዳራሹ ውስጥ የተሰበሰብነውን ሽማግሌዎች በየተራ "ጤናዎ እንዴት ነው?" እያለ ጠየቀ። ምስኪን፣ የት እንደመጣ አልገባውም። በእኛ አገር በቃሬዛ የሚሄድ ሰው እንኳ "አካም ጅርታ"፣ እንዴት ነህ ቢሉት ደህና ነኝ ይልና የጠያቂውን ከብቶች ደህንነት ይጠይቃል። እስላሙ "አልሐምዱሊላህ"፣ ክርስቲያኑ "ተመስገን" እያለ ተራው ዞረ። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት በሁለት ሰው ተደግፈው የገቡ ናቸው፤ እሳቸውም ምንም የለብኝም አሉ። የአሰልጣኙ ዓይን እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ አዎንታዊ ከተማ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ እኔ ጋ ደረሰ። ጉልበቴን ነገርኩት። ወገቤን ነገርኩት። ወንበሩ እንደማይመች፣ በመስኮቱም ንፋስ እንደሚገባ ጨመርኩለት።

የስሞታ ጾም የታዘዘልኝ ያን ጊዜ ነው። "አመመኝ" የሚል ቃል ከአፌ እንዳይወጣ፣ ይልቁንም "ሰውነቴ እየታደሰ ነው" እንድል። እኔ ሁዳዴን እጾማለሁ፣ ሐጂም ረመዳንን ይጾማል፤ ሁለቱም መፍቻ አላቸው። የዚህኛውን መፍቻ የነገረኝ የለም። ቀጥሎ ሁላችንንም ከወንበራችን አስነስቶ ያለ ምክንያት አሳቀን። አንደኛው ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ። በመጨረሻ ሐጂን መድረክ ላይ አወጣውና የአዎንታዊ እርጅና ምሳሌ ናቸው ብሎ አስጨበጨበለት፤ የጾሜ ጠባቂም አድርጎ ሾመው። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ሐጂ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ሻይ ላይ የምናወራው ጠፋ። ለካ ወሬዬ ሁሉ ስሞታ ኖሯል። አፌን ስከፍት ሐጂ ጣቱን ያነሳል፤ እዘጋዋለሁ። አንዴ ሻዩ ቀዝቅዟል ልል ስጀምር ገና በ"ሻዩ" አስቆመኝ። "ሰውነቴ እየታደሰ ነው" እያልኩ አጥር ተደግፌ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ልጄ ፊትህ በራ አለችኝ። የበራው በንዴት ነበር።

አፌ ሲዘጋ ግን ዓይኔ ሥራ ፈለገ። ሐጂ ለሶላት ሲታጠብ ዕድሜ ልኩን እግሩን በሮቤ ብርድ ውሃ የሚያጥብ፣ ቀዝቃዛ ውሃ መድኃኒት ነው እያለ የሚመጻደቅብኝ ሰው ነው። አሁን የቆዳ ካልሲ አጥልቆ ከላይ ከላዩ ማበስ ጀምሯል። ብጠይቀው ይፈቀዳል አለኝ። መፈቀዱንማ ይፈቀዳል፤ ለምን ዛሬ? ደግሞ ውሃ በጆግ ይጠጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጓሮ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ከበረንዳው ወርዶ ወደ መስጊድ ሲያመራ አንድ እግር ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሐጂ አላወቀም። በካልሲው መንገዱን ቀጠለ።

ጫማውን አነሳሁለት። ክፉ ሽታ ነበረው። ሾፌር ነኝ፤ ጎማው መውለቁን ሳያውቅ የሚነዳ ሰው የት እንደሚያቆም አውቃለሁ። ፈራሁ። ተከትዬው እግርህ ምን ሆነ አልኩት። ሚስማር ወግቶት እንደነበር፣ ትንሽ ነገር እንደሆነች፣ አልሐምዱሊላህ እንደምትድን ነገረኝና ጫማውን ከእጄ ቀማኝ። ጾምህንም እንዳትፈታ ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ብለምነው ሐኪም ጋ እንደማይሄድ ስለማውቅ ዋሸሁት። ለጉልበቴ ጎባ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ፣ ብቻዬን አልችልም አልኩት። ለራሱ የማይሄደው ሰውዬ ለእኔ ሲሆን ኮቱን ደርቦ ቀድሞኝ መናኸሪያ የሚያደርሰን ባጃጅ ጠራ። ከሮቤ ጎባ እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጤና እየጠየቀ፣ የራሱን ጤንነት እያበሰረ ሄደ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በሩን አልፈን እንደገባን ትከሻውን ይዤ የታካሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ምን እንደሚሰማው በኦሮምኛ ጠየቀችው። "ፈያ ዳ፣ ራኮን ሂንጂሩ" አላት፤ ደህና ነኝ፣ ችግር የለም። እንቅልፍስ? አልሐምዱሊላህ። ምግብስ? አልሐምዱሊላህ። እግርዎን ያምዎታል ወይ ስትለው አያመኝም አላት። ይኼ እንኳ እውነቱን ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ሐኪሟ ሁለታችንንም አየችና ታዲያ የታመመው ማነው አለች።

ጾሜን ፈታሁ።

"ዶክተር፣ አይስሙት" አልኳት። "ይኼ ሰው ቤቱ ቢቃጠል ሞቀኝ ነው የሚለው። ካልሲውን ያስወልቁት።"

ውሃውን፣ ጓሮውን፣ ጫማውን፣ ሽታውን ዘከዘክሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ደመደምኩ። ሐጂ ገበያ መሃል ልብሱን የገፈፍኩት ያህል አየኝ። ካልሲው ወለቀ። ትንንሾቹ ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል።

ስኳር እንዳይሆን ተብሎ ደም ሰጠና ውጤት ልንጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

"ለልጆቼ ልነግራቸው ነበር" አለኝ። "ከዚያ አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ከተጨበጨበልኝ በኋላ እንዴት አመመኝ ልበል?"

አሰልጣኙን ልራገመው ከጀለኝ፤ ግን ልጁ ምን ያድርግ፣ የነገርነውን ነው ያመነው። እኔ ተስፋ ጠልቼ አላውቅም። ያለ ተስፋ ማን ሳነቴን በጉም ይወጣል? ተስፋ ያለው ሾፌር ግን ከመነሳቱ በፊት ወርዶ ጎማውን በእግሩ ይመታል፤ ደርሶ መመለስ ይፈልጋላ። ይህን ለሐጂ ልነግረው አስቤ ነበር። ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ስኳር ሆነ። ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ፤ እግሩ ተረፈ። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ እግሩም አይተርፍም ነበር ብላ ሐኪሟ ለብቻዬ ነገረችኝ። የዚያን ቀን ስለ ጉልበቴ ለማንም አላወራሁም።

ጠያቂ ጎረፈ። ሮቤ ተነቅሎ ጎባ ወጣ ማለት ይቻላል። ለስኳር በሽተኛ ለስላሳ መጠጥና የሃረና ማር ተሸክሞ መጣ። ሁሉም ፊትህ አምሯል፣ ከበፊቱ ተሽሎሃል አለው። ከአዳራሹ የመጡ ሽማግሌዎች አልጋውን ከበው ያንን ያለ ምክንያት የሚሳቅ ሳቅ ሊያስቁት ሞከሩ፤ ሐጂም ደክሞት ሳለ ለእንግዳ ክብር ብሎ ሳቀላቸው። ልጄ መጥታ በጆሮዬ፣ አባ እባክህ ደግ ደጉን ብቻ ንገረው አለችኝ። እሺ አልኳት።

የጠያቂ ሰዓት አብቅቶ ክፍሉ ጭር ሲል ሐጂ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ሾፌር" አለኝ፣ "የተቆረጡት ጣቶቼ ያሙኛል።"

በዚህ ሁሉ ዓመት ወዳጅነታችን ያመኛል ሲል የሰማሁት ገና ያኔ ነው።

"ጌታዬን አመሰግናለሁ፤ እሱ አይቀርም" አለ። "ማማረር ግን አልችልበትም። አንተ ትችላለህ። እስቲ አማርርልኝ።"

ከሚስማሩ ጀመርኩ። የሠራውን ፋብሪካ ሰደብኩ፣ መንገድ ላይ የጣለውን አናጢ ሰደብኩ። የጎባን ብርድ፣ የአልጋውን ሲጥሲጥታ፣ ማር ይዞ የመጣውን ሁሉ አዳረስኩ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳየው እየሳቀ መስሎኝ ብርታት አገኘሁ። ጣቶቹ ጋ ስደርስ ግን እሱን ራሱን መውቀስ ጀመርኩ። ለምን ደበቅከኝ አልኩት፤ ብትሞትብኝ ጠዋት ጠዋት ማን ላይ ልነጫነጭ ነበር አልኩት። ወደ እኔ ዞረ። እያለቀሰ ነበር። እጄን ያዘኝ።

"ቀጥል" አለኝ።