አንድ ኪቦርድ ለሁለት

ባሂራን የማያውቅ ሰው ቡታጅራ ገበያ ገብቶ በርበሬ ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። የማረቆን በርበሬ ከቆሼ እያመጣች የምትሸጥ፣ ደርባባ፣ ሳቂታ፣ እጇ የማይሰስት ሴት ናት። ምን ያደርጋል፣ ቅናተኛ ናት። ደንበኛዋ ከጎረቤት ሱቅ ፌስታል አንጠልጥሎ ሲወጣ ካየች ያን ቀን ምሳ አይዋጥላትም። ባሏ ብቻ ከዚህ አርፏል። ሠርግ ቤት ከሴት ጋር ሲሳሳቅ ቢውል ዞር ብላም አታየው። «እኔንስ ሰው ይወስድብኛል ብለሽ የምትሰጊው መቼ ነው?» ይላታል፣ እየሳቀ፣ ትንሽም እየከፋው። የባሂራ ስጋት ሌላ ነው። ሳሌሃን ሰው እንዳይወስድባት ነው።

ሳሌሃ የልጅነት ጓደኛዋ ናት። ሁለቱ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው ቤት በተቀመጡበት ክረምት ጋሽ ዳምጤ የሚባሉ፣ ከጎጃም ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሳሎናቸውን የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አደረጉት። ኮምፒውተሮቹን ዳንቴል አልብሰው፣ ጫማ በር ላይ እያስወለቁ፣ እንደ አራስ ነበር የሚንከባከቧቸው። ማሽኑ ጥቂት፣ ሠልጣኙ ብዙ ስለሆነ አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ሰው ነው የሚደርሰው። ትምህርቱ ሲያልቅ፣ ደስ ያላቸው ቀን፣ ጨዋታ ይከፍታሉ። ትንሽ ሰውዬ ዋሻ ውስጥ እየሮጠ ወርቅ ይለቅማል፤ የእሳት ጉድጓድ ሲያጋጥመው ይዘላል፤ በሩ ጋ ከደረሰ ወደሚቀጥለው ዋሻ ያልፋል።

ሌላው ሠልጣኝ ተራ በተራ ይጫወታል። ተራ መጠበቅ ደግሞ ለባሂራ አይሆንላትም። ሰውዬው በሳሌሃ እጅ ሲሮጥ እሷ እጇን አጣጥፋ ልታይ? ሞቷ ነው። ስለዚህ ኪቦርዱን ተካፈሉት። ሳሌሃ በቀኝ ተቀምጣ በቀስቶቹ ታስኬደዋለች፤ ባሂራ በግራ ተቀምጣ ረጅሙን ቁልፍ በአውራ ጣቷ እየመታች ታዘልለዋለች። አንዷ ለአንዷ «አሁን» ብላ አታውቅም። ጉድጓዱ ሲመጣ ጣቷ ራሱ ያውቃል። ጋሽ ዳምጤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከኋላ ቆመው ያዩና «እናንተን መንታ አድርጎ መፍጠር ነበር» ይሉ ነበር።

የዚያ ክረምት ሌላም ምስጢር አለ። የመጀመሪያው ቀን ጫማ ሲወልቅ የባሂራ ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣቷ ብቅ አለ። ሳሌሃ ጠረጴዛው ሥር አንዱን ካልሲዋን አውልቃ ሰጠቻትና የተቀደደውን ራሷ አጥልቃ በሌላው እግሯ ረገጠችው። ማንም አላየም። ባሂራ ያን ቀን ለሳሌሃ የሰጠችውን ልብ መልሳ አልተቀበለችም።

ከዚያ ሳሌሃ አዲስ አበባ ተዳረች፣ ባሂራም እዚሁ ተዳረች። ስልኩ ከየሳምንቱ ወደ የወሩ፣ ከየወሩ ወደ በዓል በዓሉ እየራቀ ሄደ። ዘንድሮ ግን አረፋ ሲቃረብ ሳሌሃ ደወለችና «ባሂራዬ፣ ሰውዬውን አገኘሁት! ላፕቶፕ ላይ ተጭኗል፣ ይዤው እመጣለሁ» አለቻት። ባሂራ ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሯ መሬት አልነካም። በርበሬ ስትመዝን እንኳ አውራ ጣቷ ሚዛኑን መታ መታ ያደርግ ነበር።

የሴቶች አረፋ ዕለት፣ ከዋናው በዓል አስቀድሞ ሴቶች ተሰብስበው ጎመን በሚበሉበት ቀን፣ በርበሬዋን ቋጥራ ወደ ሳሌሃ እናት ቤት ሄደች። ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። ጎመኑ በቅቤ ተበላ። ከዚያ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ባሂራ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ልትነሳ ስትል፣ የሳሌሃ ባል እህት ፈትሂያ፣ ከአዲስ አበባ አብራ የመጣችው ወጣት፣ ማንንም ሳትጠይቅ በግራ በኩል ቁጭ አለች።

«አሁን» አለች ሳሌሃ። ፈትሂያ ቁልፉን መታች። ሰውዬው ዘለለ።

ባሂራ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ለካ ስታስብ የከረመችው ቦታ ሰው ገብቶበታል። ያም ሳያንስ ፈትሂያ ዞር ብላ «እትዬ ባሂራ፣ ካልሲያቸው የተቀደደው እርስዎ ነዎት አይደል? ሳሊ ሁሌ ታወራልኛለች፣ በሳቅ ነው የምንሞተው» አለቻት። እትዬ! ደግሞ ሳሊ! በሳሌሃ ዕድሜ የሆነችውን ሴት አሮጊት አደረገቻት፤ ሳሌሃን ደግሞ ባሂራ በማታውቀው ስም ጠራቻት። ካልሲውንም ወሰደችው። ባሂራ ለሰው ፊት ግን ሳቀች።

«ነይ እንጂ፣ ቦታሽን ያዢ» አለች ሳሌሃ። ፈትሂያ ተነሳችላት።

ባሂራ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። የመጀመሪያው ጉድጓድ መጣ፣ አለፉት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሳሌሃ አንድም ጊዜ «አሁን» አላለችም። ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ እንደ ጥንቱ ትንፋሽ ውጠው ይጫወታሉ። ባሂራ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። እውነትም ቦታው የሷ ነው!

በዚህ መሀል ሳሌሃ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ፈትሂ፣ እጇን እዪ። እንዲህ ነው የሚዘለለው። በደንብ ተማሪና ቤት ስንገባ እኔና አንቺ እንጨርሰዋለን» አለች።

የሰውዬው ነፍስ አንዲት ብቻ ቀርታለች። በሩ ይታያል። ከበሩ ፊት የመጨረሻው ጉድጓድ አለ። ባሂራ ጉድጓዱን አየችው። ጊዜውንም አወቀችው። ጣቷን አላነቃነቀችም።

ሰውዬው እሳቱ ውስጥ ገባ።

ቤቱ «ውይ!» አለ። «አይዞዎት እትዬ፣ ጣት ይረሳል» አለች ፈትሂያ፣ ከልቧ። «እርጅና ነው» አለች ባሂራ፣ እየሳቀች። ቅቤው የከበዳት መስላ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

ሳሌሃ ልሸኝሽ ብላ ወጣች። ባጃጅ መያዣው ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«ሆን ብለሽ ነው» አለች።

«ጣቴ ዘገየ እኮ።»

«ያንቺ ጣት ዘግይቶ አያውቅም። ሌላ ሰው አታልዪ። በሩ ላይ አድርሰሽ ገደልሽው። ምን አደረግሁሽ?»

ባሂራ ማፈር ነበረባት። አፈረችም፣ አላህ ያውቃል። ግን ከሐፍረቱ በላይ ደስ አላት። ቤት ሙሉ ሴት አይቶ ያላወቀባትን ሳሌሃ አወቀችባት።

«ካልሲዬን ነገርሽባት» አለች በመጨረሻ። ካለችው በኋላ የልጅ ነገር መሰላት።

ሳሌሃ አየቻት፣ አየቻትና «ያ አላህ፣ ዛሬም ያው ነሽ?» አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ባጃጁ መጣ። ባሂራ አንድ እግሯን አስገብታ ዞረች።

«ይህንንስ ለፈትሂያ ትነግሪያታለሽ?»

«እሷ ደግሞ ምን አግብቷት» አለች ሳሌሃ።