የኮቱ ተራ

ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱ ሴት ልጆቼ በአንድ ቀሚስ ተጣሉ። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ትልቋ ሐያት ስልኳን ከፍታ ለታናሿ ለነጃት ታሳያታለች። ስልኩ ውስጥ ልብሶቿ ሁሉ ፎቶ ተነስተው ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ሥር የተገዛበት ዋጋና ስንት ጊዜ እንደተለበሰ ተጽፏል።

«እዪው፣ ሰማያዊው ቀሚስ። የገዛሁት እኔ አራት ጊዜ ለብሼዋለሁ፣ አንቺ ስድስት። አይበቃሽም?»

«ለሰርግ እኮ ነው!» አለች ነጃት። «እንግዲያው ስልክሽን አልብሺው!»

በሌላ ቀን ቢሆን ሐያትን እደግፋት ነበር። ያለውን የማያውቅ፣ ያወጣውን የማይጽፍ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያባክን ይኖራል ብዬ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። አሁንም አልካድኩትም። ያን ዕለት ግን ልደግፋት አልቻልኩም።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ከድር ያደግነው ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ከእናታችን ጋር ነው። አባታችንን በልጅነታችን አጥተናል። የቡና ወቅት ሲደርስ ሁለታችንም ከጅማ ወጣ ወዳለችው ሸቤ ወርደን ቡና ማጠቢያ ውስጥ እንሠራለን። በዚያን ጊዜ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ቁርሳችን የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ ነበር። ከማጠቢያው ጀርባ የሚቆለለው የቡና ገለፈት ሲቦካ የሚያወጣው ሽታ ልብስ ውስጥ ከገባ በሳሙና አይለቅም። ሸቤ ውስጥ በጨለማ ብትቆም እንኳ የማጠቢያ ሠራተኛ መሆንህ ይታወቃል።

ከድር ትምህርት ቤት አልገባም። እኔም አልገባሁም፤ ግን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል እየለቀምኩ ብቻዬን ማንበብ ተማርኩ። ይህም አኩርቶኝ ነበር፤ ከሚገባውም በላይ።

አንድ ዓመት ገንዘባችንን አዋጥተን ጅማ ሐሙስ ገበያ ላይ ከሰልባጅ ሻጭ አንድ ቡናማ ኮት ገዛን። የውስጥ ኪሱ ውስጥ የማናውቀው አገር የአውቶቡስ ቲኬት ነበረበት። ቁመታችን እኩል ስለሆነ ለሁለታችንም ልክ መጣ። እኔ ወዲያው ደብተር አወጣሁ። ከላይ ዋጋውን፣ ከሥሩ የሁለታችንን ስም ጻፍኩ። ኮቱ ልብሳችንን ይዘን ከምንዞርበት የቆርቆሮ ሳጥን በወጣ ቁጥር ባወጣው ሰው ስም ሥር አንድ መስመር ይሰመራል። መስመሩ ያነሰ ሰው ተራው የሱ ነው።

«ማሎ፣ እባክህ!» አለ ከድር እየሳቀ። «ኮት ነው የገዛነው ወይስ ዳኛ?»

«ሥርዓት ነው» አልኩት። «ከሳጥን ከወጣ ተለበሰ ማለት ነው።»

በኋላ ከድር ሞሚናን ወደደ። የሸቤ ቡና ገበሬ ልጅ ናት። ሽማግሌ ላከ። አባቷም «ወገኖቹን ጠይቄ አውቄያለሁ፤ አሁን ልጁን ራሱን በዓይኔ ልየው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይምጣ» አሉ። በኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አምሮበት ነው የሚሄደው። ልብሱ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። መልበሱ ለቤቱ ጌታ አክብሮት ነው።

ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ «ነገ ኮቱን እፈልገዋለሁ» አለኝ።

ደብተሩን ገለጥኩ። «ያንተ አሥራ ሦስት፣ የኔ አሥራ አንድ። ተራው የኔ ነው።»

«ሁለቱን እኮ እኔ አልለበስኩም። ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። አንዱን ቀን እናታችን በረንዳ ላይ ያሰጣችው ቡና ላይ ድንገት ዝናብ ሲመጣ፣ ሸራ አጥቶ ኮቱን ደረበበት። ሌላውን ቀን ለለቅሶ ለሚሄድ ጎረቤት አውሶታል። እኔ ግን «ከሳጥን ወጥቷል» አልኩ።

ደብተሩን አየው። የትኛው መስመር የማን እንደሆነ እንኳ ስሙን አንብቦ መለየት አይችልም።

«እሺ» አለ። «ፊደሉን የምታውቀው አንተ ነህ።»

በማግስቱ በሥራ ሹራቡ ሄደ። ከሌላ ሰው ለምን አልተዋሰም ትሉ ይሆናል። የማጠቢያው ሰው ሁሉ ኮት እንዳለን ያውቃል። ቢዋስ ኖሮ ወንድሙ እንደከለከለው በታወቀ ነበር። እኔን ላለማዋረድ ነው እንዲያ የሄደው። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የተላኩት ሽማግሌ በኋላ እንደነገሩኝ፣ የሞሚና አባት በወግ ተቀብለው አብልተው ሸኙት። ከወጣ በኋላ ግን «ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ የገለፈት ልብሱን ያልቀየረ ሰው ቤቴን ምን ቆጥሮት ነው?» አሉ። ሞሚና በዚያው ዓመት ለሌላ ተዳረች። ከድር አንድ ቃል አልወቀሰኝም። ያን ኮትም ከዚያ ወዲያ ነክቶት አያውቅም።

ቡናውን ትቶ በቦንጋ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። ቀጣዩ የቡና ወቅት ሳይደርስ መኪናው ጎጀብ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። አላህ ይዘንለት።

የሚገነዝበትን ከፈን የገዛሁት እኔ ነኝ። አብረውኝ የሄዱት ሽማግሌ ባለሱቁ ጨርቁን ሊቆርጥ ሲል «ቁመቱ ምን ያህል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንደኔ» አልኩ።

«እንግዲያው ቁም» አሉኝ። ነጩን ጨርቅ ከራሴ እስከ እግሬ ዘርግተው በኔ ለኩት። ሱቁ መሐል ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ኮቱን ከቀብሩ በኋላ ለአንድ የገበያ ተሸካሚ ሰጠሁት። ደብተሩን ግን መጣል አልሆነልኝም።

ቅዳሜ ዕለት ተነስቼ ወደ ልጆቹ ገባሁ።

«ስጪያት» አልኳት ሐያትን።

«አባባ፣ መዝግቡ ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ስጪያት።»

ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ነጃት ቀሚሱን ለብሳ ሄደች። ሐያት እያጉረመረመች ስልኳ ላይ ሰባት ብላ ጻፈች። ማታ ደብተሩን ከሳጥኑ ሥር አውጥቼ አየሁት። እርሳሱ ቢደበዝዝም ይነበባል። ልጆቼ ያላቸውን እንዲያውቁ፣ የሚያወጡትን እንዲጽፉ ዛሬም እመክራለሁ። ግን መስመሩ ልብሱ መውጣቱን እንጂ ለምን እንደወጣ አይናገርም፤ እኔም ያኔ አልጠየቅሁም።

በስሜ ሥር አሥራ ሁለተኛው መስመር የዚያ ዓርብ ነው። ከጁምዓ በኋላ ኮቱን ለብሼ የሸቤን መንገድ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ። የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም። ፀሐዩም ከረር ስላለ አውልቄ በክንዴ ይዤው ዋልኩ።