የመድና የመጨረሻ ፈተና

መድና ሸቤ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ዲግሪዋን ጅማ በመደበኛ ጀምራ ነበር፤ እናቷን ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ ጎናቸው ሲዝል ግን ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ወንድሞች አሏት፤ ከሩቅ ሆነው የሚያዝኑ ዓይነት ወንድሞች።

ትምህርቷን በርቀት ቀጠለች፤ ሞጁሉን አዘጋጅቶ የሚያስተምራት ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ነው። ድሮ ለፈተና እዚያ ድረስ መሄድ ግድ ነበር፤ እናቷን ለማን ጥላ? ከጅማው ዩኒቨርሲቲ ጋር ከተዋዋለ ወዲህ ግን አስጠኚውም የፈተና አዳራሹም ጅማ ሆነ፤ ከሸቤ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ነው። እናቷ በተጣመመ አፋቸው ይስቁ ነበር፦ «ርቀት ይሉታል፤ ልጄን አጠገቤ ያስቀመጠልኝ እሱ አይደል?» እሷም አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሞጁሏን ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚለውን ምዕራፍ ሲሰሙ «ይሄን የጻፈው ሰው ወልዶ ያውቃል?» አሉ።

መድና አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ የእናቷ ያቺ የመጨረሻ ሰዓት ስትመጣ አጠገባቸው መሆን። ካምፓሱንም፣ አንድ ሁለት የትዳር ጥያቄም የገፋችው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ጠዋት እናቷ ገንፎ ጠይቀው በሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መድና ግን ደስ አላት። «ዴሚ፣ ልጄ» አሏት በኦሮምኛ፤ «ሂጂ፣ ጨርሰሽ ነይ።» እናቷን ለጎረቤታቸው ሴት ለአዴ ሀጂራ አደራ ብላ፣ የፈተና ቢሮውን ስልክ ቁጥር ትታላቸው ሄደች።

አዳራሹ በር ላይ ስልክ አጥፍቶ ማስረከብ ደንብ ነው፤ አስረከበች። ጥያቄው ቀሏት እየጻፈች ሳለ እናቷ ሸቤ ላይ ወደ አኼራ ሄዱ። ወጥታ ስልኳን ስትከፍት የአዴ ሀጂራ መልእክት ጠበቃት። ሚኒባሱ ሸቤ ሲደርስ ወንዶቹ ከቀብር እየተመለሱ ነበር። ጀናዛ አይቆይም፤ ታውቃለች፣ ማንንም አልወቀሰችም። እናትን ማጠብ ግን የሴት ልጇ ድርሻ ነው። የእናቷን ገላ ያጠቡት አዴ ሀጂራ ናቸው።

«ሲብስባቸው ለምን ለፈተና ቢሮው አልደወሉም?» አለቻቸው።

«ልደውል ስል እጄን ያዙኝ» አሉ አዴ ሀጂራ። «ትጨርስ፣ አትንገሪያት አሉኝ። ወላሂ፣ እምቢ ማለት አቃተኝ።»

መድና በእናቷ ተናደደች። በሟች መናደድ ነውር ነው ይባላል፤ እሷ ግን ተናደደች፣ እስከ ዛሬም አልበረደላትም።

ዲግሪዋን ወስዳለች። አሁን የሸቤ ሴቶች ለርቀት ትምህርት ሲመዘገቡ የምታስረዳቸው እሷ ናት፤ በፈተና ቀንም አብራቸው ጅማ ትሄዳለች። ስልካቸውን ሳያጠፉ ይሰጧታል፣ እሷም ከአዳራሹ ውጭ ይዛ ትቀመጣለች። ከቤት ክፉ ነገር ከተሰማ ገብታ ልትጠራቸው ከፈታኙ ጋር ተስማምታለች።

ባለፈው ጊዜ አንዱ ስልክ ጮኸ። ፈጥና አነሳችው። የአንዷ ተፈታኝ እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ምሳ በልታ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው የደወሉት።

«ፈተና ላይ ናት፣ ስትወጣ ትበላለች» አለቻቸው።

«እሺ። አንቺስ ልጄ፣ በላሽ?»